የተበላሸ የመኪና ማስነሻ ቁልፍ ቤት፦ ማደስ፣ ከፊሉን መለወጥ ወይስ ሙሉውን መተካት?

ቁልፉ አልዞር ሲል፣ ወይም እየዞረ ሞተሩ አልነሳ ሲል፣ ብዙ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ኳድሮውን (የማስነሻ ቁልፍ ቤቱን) እንዳለ አውልቀው በአዲስ ለመተካት ይወስናሉ። ውሳኔው አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ገንዘብና ድካም ይጠይቃል፤ አልፎ ተርፎም ብልሽቱ ሌላ ቦታ ሆኖ መኪናው አዲሱ ዕቃ ከተገጠመለት በኋላም እንደ ቀድሞው አልነሳም ይላል። ከውጭ አንድ ዕቃ የሚመስለው ኳድሮ በውስጡ ሥራቸው የተለያየ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ተበላሽቶ ሁለቱ ደህና ሆነው መገኘታቸውም የተለመደ ነው። ስለዚህ አማራጮቹን የማነጻጽረው በዋጋቸው ሳይሆን በብልሽቱ ዓይነት ነው፤ አሮጌ መኪና የምለውም የብረት ቁልፍ ገብቶ በእጅ የሚዞርበትን ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ነው። በውስጡ በትንንሽ ሞላዎች የተደገፉ ስስ የናስ ቅጠሎች ተደርድረዋል፤ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም ከሲሊንደሩ ገጽ ጋር እኩል ሆነው ይገባሉ፣ ያኔ ሲሊንደሩ መዞር ይችላል። ሁለተኛው ሲሊንደሩን አቅፎ ከመሪው ዘንግ ጋር የታሰረው የብረት ቤት ነው፤ ቁልፉ ሲወጣ ወደ ዘንጉ ገብቶ መሪውን የሚቆልፈው የብረት ምላስ ያለው በዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ሦስተኛው ከኋላ የተገጠመው የኤሌክትሪክ ስዊች ሲሆን፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ዳሽቦርድ፣ ወደ ሞተሩ እና ሞተሩን አዙሮ ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። በአንዳንድ መኪኖች፣ በተለይም በበርካታ የአሜሪካ መኪኖች ላይ፣ ስዊቹ ከሲሊንደሩ ርቆ በመሪው ዘንግ ታችኛው ክፍል ላይ ይቀመጥና በቀጭን የብረት ዘንግ ይገፋል።

የመኪናው ዕድሜ እዚህ ላይ ለውጥ ያመጣል። ጄኔራል ሞተርስ ኳድሮውን ከዳሽቦርድ ወደ መሪው ዘንግ ያዛወረው እ.ኤ.አ. በ1969 ሞዴሎቹ ሲሆን፣ ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ አዳዲስ መኪኖች ቁልፉ ሲወጣ መሪው እንዲቆለፍ፣ ወይም መኪናው በራሱ ኃይል መሄድ እንዳይችል የሚያስገድድ ደንብ ጸንቷል። ከዚያ በፊት በተሠራ መኪና ላይ ኳድሮው በዳሽቦርድ ላይ በአንድ ቀለበት ብቻ የተያዘ፣ የመሪ መቆለፊያ የሌለው ቀላል ዕቃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ከዚህ በታች የማነሣውን አብዛኛውን ችግር አያገኘውም፤ ሙሉውን ዕቃ ቢለውጥም ሥራው የአንድ ሰዓት ነው።

የተበላሸውን ክፍል መለየት

ቁልፉ ገብቶ ጨርሶ የማይዞር ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የመሪው ጫና ነው። የፊት ጎማዎቹ ተጠምዝዘው ወይም ከመንገድ ጠርዝ ጋር ተጋፍተው ሲቆሙ የመሪው ዘንግ መቆለፊያውን ምላስ ጎኑን ይዞ ይጫነዋል፤ መሪውን በአንድ እጅ ወደሚላላበት አቅጣጫ ገፋ አድርጎ ቁልፉን ቀስ ብሎ ማዞር በቂ ሊሆን ይችላል። በአውቶማቲክ መኪና ደግሞ ማርሹ በትክክል ፒ (የማቆሚያው ቦታ) ላይ መግባቱን ማየት ያስፈልጋል። እነዚህ ካልረዱ ተለዋጩን ቁልፍ መሞከር ነው። ብዙ ያልተሠራበት ተለዋጭ ቁልፍ ያለ ችግር ካዞረ የተበላሸው ኳድሮው ሳይሆን ዘወትር በኪስ የሚዞረው ቁልፍ ነው። ሁለቱን ቁልፎች ጎን ለጎን ይዞ በብርሃን ማየት ልዩነቱን ያሳያል፤ የአዲሱ ጥርሶች ጫፍ ስለታም ጠርዝ ሲኖረው፣ ያረጀው ብዙ እንደታጠቡበት ሳሙና ድቡልቡል ብሎ፣ ሸለቆዎቹም ሰፍተው ይታያሉ።

ቁልፉ አንዳንድ ቀን የሚዞር አንዳንድ ቀን እምቢ የሚል፣ ወይም ትንሽ ወደ ውጭ ሳብ ሲያደርጉት ብቻ የሚዞር ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ ተመዞ የሚወጣ ከሆነ፣ የተበላው የሲሊንደሩ ቅጠሎች ናቸው። ቁልፉ ያለ ምንም ተቃውሞ እንዲሁ የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ ሲሊንደሩን ከስዊቹ ጋር የሚያገናኘው ምላስ ወይም ዘንግ ተሰብሯል። ከማስነሻው ቦታ በራሱ የማይመለስ ቁልፍ በቸልታ ሊታለፍ የማይገባው ምልክት ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሞተሪኖው መዞሩን ስለሚቀጥል በአጭር ጊዜ ሊቃጠል ይችላል። እንዲህ ያለውን መኪና ብልሽቱ እስኪጠገን ድረስ አለማስነሳት ይሻላል።

ቁልፉ እንደ ድሮው ለስልሶ እየዞረ መብራቱ ወይም ሞተሪኖው የማይሠራ ከሆነ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ቁልፉን ኦን ላይ አድርጎ በጣት ቀስ ብሎ መነቅነቅ፣ በዚህም የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል መሆኑን ማየት ቀላሉ ፈተና ነው፤ ካለ ስዊቹ ያረጀ ወይም ሶኬቱ የላላ ነው። ይበልጥ እርግጠኛ ለመሆን በሙከራ አምፖል ወይም በቴስተር ከስዊቹ ሶኬት ላይ መለካት ያስፈልጋል። በጀርመን መኪኖች ላይ ብዙውን ጊዜ ቁጥር 30 ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣው፣ 15 ቁልፉ ኦን ሲሆን የሚነቃው፣ 50 ደግሞ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው መስመር ነው፤ ቶዮታን በመሳሰሉ የጃፓን መኪኖች ላይ ኤኤም (ከባትሪ የሚመጣው)፣ ኤሲሲ (ለሬዲዮና ለመሳሰሉት)፣ አይጂ (ኦን ሲሆን የሚነቃው) እና ኤስቲ (ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው) የሚሉ ምልክቶች ይገኛሉ።

አንድ ሰው ቁልፉን በማስነሻው ቦታ ይዞ ሌላው ሲለካ ወደ ሞተሪኖው በሚሄደው ሽቦ ላይ ሙሉ 12 ቮልት ከተገኘ፣ ሞተሪኖው ግን ዝም ካለ፣ ኳድሮው ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ባለው መስመር፣ በሞተሪኖው ወይም በባትሪው ገመድ ላይ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ኳድሮ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ይህን መለካት ሳያደርጉ ወደ ግዢ መሄድ ትልቁ የወጪ ምንጭ ስለሆነ፣ ከሁሉ በፊት ለዚህ ጊዜ መስጠት ይገባል።

አዲስ ቁልፍ ማስቀረጽና ማጽዳት

ያረጀ ቁልፍ ወስዶ ግልባጩን ማስቀረጽ እርጅናውን መገልበጥ ነው። የሚሻለው በኮድ ማስቀረጽ ነው፤ ኮዱ በመጀመሪያው ቁልፍ ላይ፣ ከመኪናው ጋር በተሰጠ ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ምልክት ላይ፣ ወይም በራሱ በሲሊንደሩ ገጽ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ኮዱ ከጠፋም ጥሩ ቁልፍ ቀራጭ ብዙም የማይከፈተውን የተሳፋሪ በር ቁልፍ ቤት ፈትቶ የቅጠሎቹን ከፍታ በማንበብ የመጀመሪያውን ቅርጽ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ በሮቹና ማስነሻው በአንድ ቁልፍ ለሚሠሩባቸው መኪኖች ነው። በዚህ መንገድ የተቀረጸ ቁልፍ በትንሹ የተበሉ ቅጠሎችን እንኳ እንደገና ወደ ትክክለኛ ከፍታቸው ያነሣቸዋል።

ማጽዳቱ በርከት ያለ የኤሌክትሪክ ማጽጃ ፈሳሽ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ነፍቶ፣ ቁልፉን እያስገቡና እያወጡ፣ የሚወጣውን ጥቁር እድፍ በጨርቅ እየጠረጉ የሚሠራ ነው። ማጽጃው በቀላሉ እሳት ሊይዝ ስለሚችል በመጀመሪያ ባትሪው መፈታት፣ በኋላም ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት። ከዚያ ጥቂት ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ወይም የቴፍሎን ማለስለሻ ይበቃዋል። ዘይት ማፍሰስ ለጥቂት ቀናት ያለሰልሳል፤ ነገር ግን አቧራውን አጣብቆ ጭቃ ስለሚሠራ ውሎ አድሮ ያባብሰዋል። ይህ አማራጭ ርካሹ ነው፤ ምንም የሚበላሽ ነገርም የለበትም። የተሰበረን ወይም ቁልፉ ተመዞ እስኪወጣ ድረስ የተበላን ሲሊንደር ግን አያድንም።

ስዊቹን ብቻ መለወጥ

ብልሽቱ በስዊቹ ላይ መሆኑ ከተረጋገጠ በቤት ውስጥ ለመሥራት ከሁሉም የሚመቸው ይህ አማራጭ ነው። ቁልፉ አይለወጥም፣ የመሪው መቆለፊያ አይነካም፤ በብዙ መኪኖች ላይ የመሪውን ዘንግ የፕላስቲክ ሽፋን መፍታት፣ ሶኬቱን መንቀል፣ ሁለት ትንንሽ ብሎኖችን መፍታትና አዲሱን መግጠም ነው። አዲሱ ሲገባ ስዊቹም ሲሊንደሩም በአንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ሁለቱም በጠፋ ቦታ ላይ፣ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቁልፉ በአንድ ደረጃ ተዛንፎ ይሠራል።

አሮጌውን ስዊች ሲያወጡ ሶኬቱን በደንብ ማየት አይርሱ። የፕላስቲኩ ነጭ ቀለም በአንዱ እግር ዙሪያ ብቻ ወደ ቡናማ ተለውጦ፣ የናሱ ምላስም ጠቁሮ ከታየ፣ ያ መስመር ለረጅም ጊዜ ሲግል ኖሯል። በዚህ ሁኔታ አዲስ ስዊች በተቃጠለ ሶኬት ላይ መሰካት ሥራውን በግማሽ መተው ነው፤ ሶኬቱም መለወጥ አለበት። እንዲህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የሞተሪኖው መቆጣጠሪያ መስመር ወይም የማሞቂያው ንፋስ ማራገቢያ ኃይል በቀጥታ በስዊቹ በኩል በሚያልፍባቸው መኪኖች ላይ ነው፤ በመስመሩ ላይ በፊውዝ የተጠበቀ ሬሌ (ትልቁን ኃይል በስዊቹ ፋንታ የሚያሳልፍ ማብሪያ) መጨመር ለአዲሱ ስዊች ረጅም ዕድሜ ይሰጠዋል።

በስዊቹ ጥራት ላይ መቆጠብን አልመክርም። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1996 ከ7 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ለጥገና የጠራው ስዊቹ በውስጡ ተገናኝቶ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ነበር። ጄኔራል ሞተርስም እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚሆኑ ትንንሽ መኪኖችን የጠራው የስዊቹ መያዣ ኃይል ደካማ ስለነበር ቁልፉ በጉዞ ላይ ከኦን ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሞተሩን በማጥፋቱና ኤርባጉ እንዳይከፈት በማድረጉ ነው፤ ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ ከዚህ ጋር በተያያዘ 124 ሰዎች መሞታቸውን ተቀብሏል። ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ብትመስልም የምትይዘው ነገር ከባድ ነው። ስለዚህ ከመኪናው አምራች ወይም ለአምራቹ ዕቃ ከሚያቀርብ የታወቀ ፋብሪካ የወጣውን መግዛት፣ አዲሱን ሲገዙም በየደረጃው ጠቅ ብሎ በጥንካሬ የሚቆም መሆኑን በእጅ መሞከር ይገባል። ከቁልፉ ጋር ከባድ የቁልፍ ዘለላ አለማንጠልጠልም ለስዊቹም ለሲሊንደሩም ይጠቅማል።

ሲሊንደሩ ሲበላ፦ ሦስት መንገዶች

ሲሊንደሩ ራሱ ከተበላ ምርጫው አዲስ ሲሊንደር መግዛት፣ የድሮውን በአዲስ ቅጠሎች ማደስ፣ ወይም ከፈረሰ ተመሳሳይ መኪና የማስነሻውን፣ የበሮቹንና የኋላ ሻንጣውን ቁልፍ ቤቶች ከነቁልፋቸው በአንድነት መውሰድ ነው።

አዲስ ሲሊንደር ከነቁልፎቹ መግዛት ፈጣኑ ነው። ጉዳቱ ከዚያ በኋላ ለማስነሻ አንድ ቁልፍ፣ ለበር ሌላ ቁልፍ መያዝ ነው። ለብዙ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ መኪናውን ብዙ ቤተሰብ የሚጠቀምበት ከሆነ ግን በየቀኑ ያሰለቻል። ሌላው ጉዳት የርካሽ ሲሊንደሮች ብረት ለስላሳ መሆኑ ነው፤ ቅጠሎቻቸው ቶሎ ይበላሉ፣ ቁልፎቻቸውም በእጅ ግፊት ሊጎብጡ ይችላሉ።

የድሮውን ማደስ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኔ ግን ጥሩ ቁልፍ ወይም ኮድ ላለው ሰው ከሦስቱ የማስቀድመው ይህንን ነው። ሲሊንደሩ ከወጣ በኋላ ትክክለኛው ቁልፍ ገብቶበት ጎኑ ሲታይ፣ ከገጹ ወጣ ብለው የቀሩ ወይም ወደ ውስጥ የሰመጡ ቅጠሎች በግልጽ ይለያሉ። እነዚህ ቅጠሎች እንደየከፍታቸው ቁጥር የተሰጣቸው ስለሆነ፣ ለመኪናው ዓይነት የሚሆን የቅጠልና የሞላ ስብስብ ገዝቶ የተበሉትን በተመሳሳይ ቁጥር መተካት ይቻላል። ሥራውን በሰፊ ትሪ ላይ ወይም እጅን በግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ መሥራት ይመከራል፤ ሞላዎቹ ከዓይን ሽፋሽፍት ብዙም የማይበልጡ ስለሆኑ አንዷ ከፈነጠረች አትገኝም። እያንዳንዱ ቅጠል ከየትኛው ቦታ እንደወጣ በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ማስቀመጥም ግዴታ ነው።

አንዳንዶች ወጣ ብሎ የቀረውን ቅጠል በሞረድ ይቆርጡታል። ቁልፉ ወዲያው ይዞራል፤ ነገር ግን ያ ቅጠል ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ቁልፍ ስለሚያሳልፍ የኳድሮው የመከላከል አቅም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ሁለትና ሦስት ቅጠል ከተሞረደ ደግሞ በሌላ መኪና ቁልፍ የሚነሳ መኪና ይሆናል። ቅጠል መግዛት እየተቻለ ይህን የማድረግ ምክንያት አይታየኝም። አዲስ ሲሊንደር የገዛ ሰውም፣ ውስጣዊ አሠራሩ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ቅጠሎቹን በድሮው ቁልፍ ቁጥር መልሶ በመደርደር አንድ ቁልፍ ለሁሉም እንዲሆን ማድረግ ይችላል፤ ሲሊንደሩ ራሱ ለተሰነጠቀ መኪና የተሻለው መንገድ ይህ ነው።

ከፈረሰ መኪና ሙሉ ስብስብ መውሰድ የመጀመሪያውን የፋብሪካ ጥራትና የአንድ ቁልፍ ምቾት በአንድነት ይሰጣል። ሆኖም የተወሰደው ኳድሮ ስንት ዓመት እንደሠራ ስለማይታወቅ ከመግዛት በፊት ቁልፉን በየደረጃው ደጋግሞ ማዞር፣ በኦን ቦታ ላይ ለማውጣት መሞከር፣ የስዊቹንም ሶኬት ማየት ያስፈልጋል። የበሮቹን ቁልፍ ቤት ለመግጠም የበሩን የውስጥ ሽፋን መፍታት ስላለበት የሥራው ሰዓት ከሌሎቹ ይረዝማል። ቁልፉ ፈጽሞ ለጠፋበትና የበሮቹም ቁልፍ ቤት ላረጀበት መኪና ግን ተመራጭ ነው።

የብረት ቤቱን ከነመሪ መቆለፊያው መለወጥ

የመሪው መቆለፊያ ምላስ ከተሰበረ ወይም ተይዞ ከቀረ፣ ወይም የመኪና ሌባ ኳድሮውን ሰብሮት ከሄደ፣ ሙሉውን ከመለወጥ ሌላ መንገድ የለም። ከሁሉም ከባዱ ሥራ ይህ ነው። የብረት ቤቱን ከመሪው ዘንግ ጋር የያዙት ብሎኖች ሲጠብቁ ጭንቅላታቸው እንዲቆረጥ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ሌባ እንዳይፈታቸው ታስቦ የተደረገው ነገር ባለቤቱንም ያደክመዋል። ቦታ ካለ በትንሽ መሮ የብሎኑን ጉቶ ጠርዝ ወደ ግራ እየመቱ ማዞር ወይም ስንጥቅ አውጥቶ በካቻቢቴ መፍታት ይቻላል፤ ካልሆነ መሐሉን በሹል ብረት ምልክት አድርጎ በ3 ሚሊሜትር ፑንታ መሰርሰርና በግራ ጥርስ ማውጫ መፍታት ነው። የመሪውን ዘንግ በመዶሻ አጥብቆ መምታት አይገባም፤ በብዙ መኪኖች ዘንጉ በግጭት ጊዜ እንዲሰበሰብ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ በምት ሊጎዳ ይችላል።

አዲሱ ሲገጠም ብሎኖቹን በመጀመሪያ ለዘብ አድርጎ ማጥበቅ፣ መሪው መቆለፉንና መፈታቱን ደጋግሞ መሞከር፣ ጭንቅላታቸው እስኪቆረጥ ማጥበቅም ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። በቅድሚያ የቆረጠ ሰው ጥቂት ቢዛነፍበት ያንን ሁሉ መሰርሰር እንደገና ይጀምራል። በተራ ብሎን መተካት ሥራውን ቢያቀልም ለሌባም ያንኑ ቅለት ይሰጠዋል።

ኳድሮውን ትቶ በመጫኛ ማስነሳት

ሽቦዎቹን ቆርጦ በማብሪያና በጣት በሚጫን መጫኛ ማስነሳት ዋጋው በጣም ርካሽ ነው፤ ለዚህም ነው በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚበዛው። ለመንገድ መኪና ግን እንደ አማራጭ አልቆጥረውም። ቁልፉ ሲወጣ የመሪው ምላስ ስለሚገባ ይህን መንገድ የመረጠ ሰው ወይ ቁልፉን ሁልጊዜ ሰክቶ መተው ወይም ምላሱን መስበር ይኖርበታል፤ በግማሽ የተሰበረ ምላስ በጉዞ ላይ መሪውን ሊይዘው ይችላል፤ ይህ ማለት መታጠፊያ ላይ መኪናው አይታጠፍም ማለት ነው። ተራ ማብሪያዎች የሞተሪኖውን መስመር ኃይል ለመሸከም የተሠሩ አይደሉም፤ ያለ ሬሌና ያለ ፊውዝ ሲገጠሙ ይግላሉ፣ ናስትሮ የተጠቀለለበት ሽቦም ከዳሽቦርዱ ሥር ይቀልጣል። መኪና ውስጥ የቀረ ሕፃንም ጣቱ ያገኘውን ይጫናል። መኪናውን ወደ ጥገና ለማድረስ እንኳ መሪው በቁልፍ ተፈትቶ በማይገኝበት ሁኔታ በጭነት መኪና ጭኖ መውሰድ ይሻላል።

ቺፕ ያለው ቁልፍ ስሌቱን ይለውጠዋል

እስካሁን ያልኩት ቁልፉ ብረት ብቻ ለሆነ መኪና ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1986 ኮርቬት በተባለው መኪናው ቁልፍ ምላስ ላይ ትንሽ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ኃይልን የሚገድብ ዕቃ) አስቀመጠ፤ 15 የተለያዩ መጠኖች ስላሉት አዲሱ ቁልፍ ያው መጠን ካልኖረው መኪናው አይነሳም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በቁልፉ ራስ ውስጥ የሚቀመጥ ቺፕ ተስፋፋ፤ በአውሮፓ ኅብረት ከ1998 ወዲህ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ኢሞቢላይዘር (ያልተመዘገበ ቁልፍ ሞተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክል መሣሪያ) ግዴታ ሆኗል። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ አዲስ ሲሊንደር ከተራ ቁልፍ ጋር ቢገጠም ቁልፉ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን ወይ አይነሳም ወይ ተነሥቶ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል። በሲሊንደሩ አፍ ዙሪያ ያለው ቀለበት የቺፑን ምልክት የሚያነብ አንቴና ስለሆነ ሳይጎዳ ወደ አዲሱ መዛወር አለበት። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የድሮውን ሲሊንደር ማደስ ይበልጥ ያዋጣል፤ ምክንያቱም የተመዘገበው ቁልፍ እንዳለ ስለሚቀጥል ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ ባለሙያ አያስፈልግም።

ሲሊንደሩን በቤት ውስጥ ማውጣት

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ መፍታት ነው። ኤርባግ ባለው መኪና ላይ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ አምራቾች 90 ሰከንድ፣ ሌሎች ብዙ ደቂቃዎች ያዛሉ፤ የመኪናው መመሪያ የበለጠ ካላዘዘ በስተቀር ቢያንስ 10 ደቂቃ መቆየት ይገባል። ቢጫ ቀለም ያላቸው ሶኬቶች አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ መስመር ስለሆኑ በቴስተርም ሆነ በሙከራ አምፖል አይነኩም።

ሲሊንደሩ የሚለቀው በአብዛኛው በአንዲት ትንሽ ፒን ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ቁልፉ ሬዲዮ ብቻ ወደሚሠራበት ቦታ ዞሮ በብረት ቤቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ፒኑ በቀጭን ብረት ሲጫን ሲሊንደሩ ወደ ውጭ ይሳባል፤ በብዙ የቆዩ ፎርዶች ላይ ደግሞ ቁልፉ ኦን ላይ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ በተሠሩ በርካታ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ላይ ሲሊንደሩን የያዘው ብሎን ከመሪው ኋላ ስለሆነ መሪው ራሱ መውለቅ ይኖርበታል፤ ኤርባግ ካለበት ይህን ለባለሙያ መተው ጥበብ ነው።

ከዚህ የሚታየው ነገር፣ ቁልፉ የማይዞር ከሆነ ፒኑም አይጫንም። ያን ጊዜ ያለው ምርጫ ሲሊንደሩን መሰርሰር ወይም ቁልፍ ቀራጭ ጠርቶ ሳይሰበር እንዲያዞረው ማድረግ ነው። መሰርሰሩ ከቁልፉ ቀዳዳ በላይ ያሉትን ቅጠሎች በትንሽ ፑንታ ጀምሮ እየሰፋ በሚሄድ ፑንታ መጨረስ ሲሆን፣ ፑንታው ጥቂት ከተዛነፈ የብረት ቤቱ ይጎዳል፤ የሚወጣው የብረት ብናኝም ስዊቹ ውስጥ ገብቶ መስመሮችን ሊያገናኝ ስለሚችል በቫኪዩም መሳብ አለበት። እኔ ቀሪውን ሥራ ሁሉ በቤት ለሚሠራ ሰው እንኳ ይህን አንድ እርምጃ ብቻ ለቁልፍ ቀራጭ ከፍሎ እንዲያሠራ እመክራለሁ፤ ሲሊንደሩ ሳይጎዳ ስለሚወጣ ማደሱም አማራጭ ሆኖ ይቀጥላል። ቁልፍ ውስጡ ተሰብሮ የቀረበትም ሰው ስብርባሪውን በቀጭን የመጋዝ ምላጭ ጥርስ ነክሶ ለመሳብ ይሞክር፤ በማጣበቂያ ለማውጣት መሞከር ግን ቅጠሎቹን አንድ ላይ አጣብቆ ሲሊንደሩን ይገድለዋል።

ከተገጠመ በኋላ

የፕላስቲክ ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት መኪናው በቆመበት የሚደረጉ ሙከራዎች አሉ። ቁልፉ ከማስነሻው ቦታ ሲለቀቅ በራሱ ወደ ኦን መመለስ አለበት። ኦን ላይ ሲሆን ተመዞ መውጣት የለበትም፤ ቁልፉን ከማርሹ ጋር የሚያያይዝ ማገናኛ ባለው አውቶማቲክ መኪና ደግሞ ቁልፉ ከፒ በቀር በሌላ ማርሽ የሚወጣ ከሆነ ማገናኛው በትክክል አልተገጠመም። የኤርባግና የዘይት መብራቶች ኦን ላይ መብራታቸው፣ የኤርባጉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ የዘይቱ ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋታቸው፣ መጥረጊያውና ማራገቢያው መሥራታቸው፣ መሪው ከዳር እስከ ዳር ሲዞር የትኛውም ሽቦ አለመወጠሩ ይታይ። በመጨረሻ ቁልፉን አውጥቶ መሪው ጠቅ ብሎ እስኪቆለፍ ማዞር፣ ከዚያም ቁልፉን መልሶ መፍታት ነው። ይህን ሃያና ሠላሳ ጊዜ መደጋገም አይታክትዎት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ምላሱ ዘግይቶ ቢለቅ ወይም ተይዞ ቢቀር መኪናው ከቆመበት መንቀሳቀስ የለበትም፤ የብረት ቤቱ እንደገና ተፈትቶ መታየት አለበት።